ገንፎው ካበቃ በኋላ፦ «ወንድ አይታረስም» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

«ወንድ አይታረስም» በሚል ርዕስ የወጣውን ጽሑፍ ጅማ ውስጥ ብዙ ሰው አንብቦታል፤ አንዳንዱም ከልቡ አምኖበታል። ጸሐፊው የሚሉት በአጭሩ ይህ ነው። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድብርት የሴት ነው፤ ወንድ ማህፀንም ሆርሞንም ስለሌለው አይነካውም። አባቶቻችን አሥር ልጅ ሲያሳድጉ እንዲህ ያለ ነገር አልተሰማም። አዲስ አባትን የሚያስጨንቀው ብር ነው፤ ብር ሲያገኝ ይለቀዋል። የቀረውን ጫት በሚቃምበት በርጫ ላይ ከጓደኞቹ ጋር ያራግፈዋል፤ ካልሆነም ሽማግሌ አለ። ስለ አባት ማውራት ደግሞ የእናትን ድርሻ መሻማት ነው። ነገሩ እውነት ቢሆን እንኳ ጅማ ላይ የሚደረግለት ነገር የለም፤ ወይ አዲስ አበባ ይሂድ፣ ወይ ይታገሥ።

ከነዚህ ውስጥ ሁለቱ ላይ ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዘዋል፤ ያንን አንክድም። አንዱ ላይ ግን፣ በርጫው ላይ፣ ሰው የሚጎዳ ምክር ሰጥተዋል። እዚያ ስንደርስ ረዘም እንላለን።

«ሆርሞን የለውም» ከሚለው እንጀምር። ወንድም ሆርሞን አለው፤ ልጅ ሲወለድም ይለወጣል። በፊሊፒንስ ሴቡ ከተማ 624 ወጣት ወንዶችን ለዓመታት የተከታተለና በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ በመካከሉ አባት የሆኑት ወንዶች ቴስቶስትሮን (ዋናው የወንድ ሆርሞን) ጠዋት 26 በመቶ፣ ማታ 34 በመቶ ገደማ ቀንሶ አግኝቶታል። ልጅ ባልወለዱት ላይ የታየው ቅነሳ ከዚህ በጣም ያነሰ ነው። በቀን 3 ሰዓትና ከዚያ በላይ ልጃቸውን የሚንከባከቡት ደግሞ ከሁሉም ዝቅ ያለ መጠን ነበራቸው። ይህ በሽታ አይደለም፤ ሰውነት ለአባትነት ሲሰናዳ ነው። ድብርትን የሚያመጣው ይህ ቅነሳ ብቻ ነው ማለታችንም አይደለም። «ምንም አይለወጥበትም» የሚለው ግን ስህተት ነው።

ድብርቱንም በተመለከተ ቁጥር አለ። 43 ጥናቶችንና 28,004 ሰዎችን ያጠቃለለ በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣ ትንተና፣ ከሚስታቸው እርግዝና አንስቶ ልጁ ዓመት እስኪሞላው ድረስ ከመቶ አባቶች 10 ያህሉ ድብርት ውስጥ እንደሚገቡ አሳይቷል። በ2016 እ.ኤ.አ. 74 ጥናቶችን የደመረ ሌላ ትንተና 8.4 ከመቶ አለ። አብዛኞቹ ጥናቶች የተሠሩት በሌሎች አገሮች ስለሆነ የጅማ ቆጠራ አድርጎ መውሰድ አይገባም። ለእኛ ከቁጥሩ ይልቅ የሚጠቅመን ጊዜው ነው፦ የመጀመሪያው ትንተና እንዳሳየው የአባቶች ድብርት ጎልቶ የሚታየው ልጁ ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ነው።

ይህን ጊዜ ከእኛ ቤት አቆጣጠር ጋር አስተያዩት። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቤቱ ሰው በሰው ነው። ገንፎ ይገነፋል፣ ጎረቤት አራስ ጥየቃ ይመጣል፤ በኦሮሞው ቤት ሸነን አለ፣ በሙስሊሙ ቤት በሰባተኛው ቀን አቂቃ፣ በኦርቶዶክሱ ቤት ወንድ ከሆነ በ40፣ ሴት ከሆነች በ80 ቀን ክርስትና። ከዚያ አማት ወደ አገሯ ትመለሳለች። ሚስት ተቀጣሪ ከሆነች የ90 ቀኑ የድኅረ ወሊድ ፈቃድ ያልቃል፤ ሞግዚት ፍለጋ ይጀመራል፤ ያልተከፈለ ዕዳም በዚሁ ሰሞን ይጠየቃል። «እንኳን ደስ ያለህ» የሚለው ሰው ሁሉ ብሎ ጨርሷል። አባትየውን «አንተስ እንዴት ነህ?» የሚለው ከጠፋ ሦስተኛ ወሩ ነው። ጸሐፊው «በአራስ ቤት ተኝቶ ያየነው ወንድ የለም» ይላሉ። አይኖርማ። የእሱ ጊዜ ገና አልደረሰም።

ሌላው ማስረጃቸው ወንድ አያለቅስም የሚለው ነው። ልክ ነው፤ ብዙዎቹ አያለቅሱም። የወንድ ድብርት ብዙ ጊዜ በእንባ አይወጣም። ቀድሞ በሰላም ያልፈው በነበረ ነገር ቱግ ይላል። ከሥራ በኋላ ወደ ቤት መግባት ይከብደዋል፤ ባጃጁን አቁሞ በር ላይ ይቀመጣል። ሥራ ያበዛል፣ ወይም ጭራሽ ይተዋል። ራሱን ይወጥረዋል፣ ሆዱን ይነፋዋል፣ ደረቱን ይጨንቀዋል። ልጁን ሲያቅፍ ምንም አይሰማውም፤ በዚህም ያፍርና ለማንም አይናገርም። (ፍቅር ከወሊድ ክፍል በር ላይ እንደማይጠብቅ፣ ብዙ አባት ጋር በሳምንታት ውስጥ ልጁን እያጠበና እያስተኛ እንደሚመጣ ቀድሞ የነገረው የለም።)

ስለዚህም ነው የኤዲንብራ የድኅረ ወሊድ ድብርት መለኪያ ለወንድ ሲውል ጥንቃቄ የሚያሻው። መለኪያው በ1987 እ.ኤ.አ. ለእናቶች የተዘጋጀ ነው። 10 ጥያቄ አለው፤ ያለፉትን 7 ቀናት ይመለከታል፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይመዘናል፤ ድምሩ እስከ 30 ይደርሳል። አንዱ ጥያቄ ስለ ማልቀስ ነው፤ ወንድ እዚያ ላይ ዜሮ ይሞላል። በዚህ የተነሳ አጥኚዎች «ድብርት ሊኖር ይችላል» ለማለት ለአባቶች የሚወስዱት መነሻ ነጥብ ለእናቶች ከሚወሰደው ዝቅ ያለ ነው። የእናቶችን ነጥብ ወስዶ «አላለፈም፣ ደህና ነው» ማለት በጣም የተለመደ ስህተት ነው።

ወረቀት ለሌለው ቤት ሁለት ጥያቄ ይበቃል። ባለፉት 2 ሳምንታት፣ አንደኛ፦ ቀድሞ ደስ በሚልህ ነገር ደስታ ማጣት ምን ያህል ጊዜ አስቸገረህ? ሁለተኛ፦ ሆድ መባስ፣ መከፋት ወይም ተስፋ መቁረጥስ? ለእያንዳንዱ በጭራሽ ካለ 0፣ ጥቂት ቀናት ካለ 1፣ ከግማሽ በላይ ቀናት ካለ 2፣ በየቀኑ ለማለት ይቻላል ካለ 3 ነው። ድምሩ 3 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት። ይህ መርማሪ ጥያቄ ነው እንጂ የበሽታ ፍርድ አይደለም። እኛ ነጥብ የሌላቸው ሦስት ጥያቄዎች እንዲታከሉበት እንመክራለን፦ ቁጣህ ጨምሯል? ከቤት መራቅ አብዝተሃል? ጫት ወይም መጠጥ ከልጁ መወለድ ወዲህ ጨምረሃል? ወንድ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት «ደህና ነኝ» ብሎ የሚወድቀው እነዚህ ላይ ነው።

ስለ ቁጣው አንድ አስቸኳይ ነገር አለ። የሕፃን ለቅሶ ከተወለደ በ6ኛው ሳምንት ገደማ ጣሪያ ይነካል፣ በ3ኛውና በ4ኛው ወር ይበርዳል። ጤነኛ ሕፃን በዚያ ሰሞን በቀን ሁለት ሦስት ሰዓት ሊያለቅስ ይችላል፤ በተለይ ከሰዓት በኋላና አመሻሽ ላይ። ጠብቷል፣ ደርቋል፣ ትኩሳት የለውም፣ አሁንም ያለቅሳል፤ አባትየውም እጁ እየተንቀጠቀጠ ነው። ሕፃኑን በጀርባው ጠንካራ ፍራሽ ላይ አስተኝቶ፣ ከአጠገቡ ትራስና ብርድ ልብስ አንስቶ፣ በሩን ገርበብ አድርጎ ለ5 ወይም 10 ደቂቃ ይውጣ። ፊቱን በቀዝቃዛ ውኃ ይታጠብ፣ ጎረቤት ይጥራ። ለ10 ደቂቃ ማልቀስ ሕፃን አይጎዳም። መነቅነቅ ግን አንጎሉን ያደማል፣ ዓይኑን ያጠፋል፣ ይገድላል።

«አባቶቻችን እንዲህ አልነበሩም» ለሚለው ብዙ አናጠፋም። ስም አልነበረውም እንጂ ነገሩ ነበር። «ልጅ ሲወለድ ጠባዩ ተለወጠ»፣ «ከቤት ሸፈተ»፣ «ዓይነ ጥላ ወደቀበት» የተባለላቸውን አባቶች የማያስታውስ ሰፈር አለ እንዴ?

ብሩ ላይ ግን ጸሐፊው ግማሽ እውነት አላቸው። የገንዘብ ጭንቀት ለአባቶች ድብርት ከሚታወቁት አጋላጭ ነገሮች አንዱ ነው፤ የሚስት ድብርት፣ ቀድሞ የነበረበት የራሱ ድብርት፣ የትዳር ጠብና ያለቀኑ የተወለደ ሕፃንም እንዲሁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለአባት የሚሰጠው 3 ተከታታይ ቀን ነው፣ ከሙሉ ክፍያ ጋር። ባጃጅ በቀን ገቢ የሚነዳው፣ ሂርማታ ገበያ ዕቃ የሚያወርደው ይህችንም አያገኛትም። የቡና ለቀማ ወራት ላይ ልጅ የተወለደለት ደግሞ የዓመቱን ገቢና አራሷን መምረጥ ይሆንበታል።

ስህተቱ «ብር ሲያገኝ ይለቀዋል» የሚለው ላይ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ያልለቀቀ ድብርት ደመወዝ ሲገባ አይለቅም፤ ደህና ገቢ ያለውም ይያዛል። ደግሞም ችግሩ የብሩ ማነስ ብቻ ሳይሆን የሚወጣበት ጊዜ ነው። ቤተሰቡ ያለውን ሁሉ በመጀመሪያዎቹ 40 ቀናት ያፈሰዋል፦ ለቅቤ፣ ለበግ፣ ለድግስ፣ ለመጓጓዣ። ሦስተኛው ወር ባዶ ኪስ ይገናኘዋል። ዕቁብተኛ የሆነ አባት ገና ሚስቱ በእርግዝና ላይ ሳለች ዳኛውን አናግሮ፣ ዕጣው ልጁ ከተወለደ በኋላ በአራተኛው ወር ላይ እንዲውልለት ከሌላ አባል ጋር ቢለዋወጥ የድግሱን ማማር ሳይሆን ያንን ባዶ ወር ይሸፍናል። ድግሱን ማሳነስም ነውር አይደለም። አቂቃ አቅም ላለው እንደሆነ የሃይማኖቱ አዋቂዎች ይናገራሉ፤ ክርስትናም ያለ ድንኳን ይነሳል።

አሁን ወደ በርጫው። ጸሐፊው «ወንድ ጭንቀቱን በርጫ ላይ ያራግፋል» ብለው እንደ መድኃኒት አቅርበውታል። በርጫ ላይ ሰው እንደሚገናኝ፣ ወሬ እንደሚከፈት አናጣውም፤ ለብዙ የጅማ ወንድ ከወንድ ጋር በሰፊው የሚያወራበት ቦታ እሱ ብቻ ነው። ነገር ግን ሰዓቱንና ሥራውን ተመልከቱ።

በጫቱ ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚያነቃ ንጥረ ነገር ነው። መቃም ከተጀመረ ከ1 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ በደም ውስጥ ጫፍ ይደርሳል። ያ ምርቃና ነው፤ ሰው ይናገራል፣ ያቅዳል፣ ቤት ይሠራል፣ ልጁን ውጭ አገር ያስተምራል። ሲወርድ ዝምታና መከፋት ይመጣል፣ ነገር ያስጠላል። ምሳ በልቶ 8 ሰዓት ላይ የተቀመጠ ሰው ወደ ቤት የሚገባው ምርቃናው ሲወርድ ነው፤ ሕፃኑ ደግሞ ብዙ የሚያለቅሰው አመሻሽ ላይ ነው። ሁለቱ በር ላይ ይገናኛሉ። ሚስት ከቀትር ጀምሮ ብቻዋን ውላለች። የምግብ ፍላጎት ስለተዘጋ እራቱን አይበላም፣ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት እንቅልፍ የለም። እንቅልፍ ለመጥራት ጨብሲ ይፈለጋል፤ መጠጡ ቶሎ ያስተኛል፣ እንቅልፉን ግን ይቆራርጠዋል። የጠጣ ሰው ከሕፃን ጋር በአንድ አልጋ መተኛቱ በራሱ አደጋ ነው፤ ተንከባሎ ሊያፍነው ይችላል። ጠዋት ደክሞት ይነሳል፣ ከሰዓት ሐራራው ይመጣል፣ ይቀጥላል። የእንቅልፍ እጦት ድብርትን እንደሚያባብስ ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም። መድኃኒት ነው የተባለው በርጫ አባትየው የሚያስፈልገውን አንድ ነገር ይወስድበታል።

ዛሬውኑ ይጣል ማለታችን አይደለም። ለዓመታት በየቀኑ የቃመ ሰው ድንገት ሲያቆም ድካም፣ ንጭንጭ፣ ብዙ እንቅልፍና ዱካክ ይመጣበታል፤ ባብዛኛው ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይቆያል። ይህ ራሱ ድብርት ይመስላል፤ ሚስቱ ሳታውቅ ከሆነ ቤት ውስጥ ጠብ ያነሳል። የሚሠራው አካሄድ ይህ ነው። መጀመሪያ ለ7 ቀን የቃመበትን ሰዓትና መጠን ይጻፍ። ቀጥሎ ሰዓቱን ያስቀድም፦ ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት ይጨርስ። ከዚያ መጠኑን በግማሽ ይቀንስ። ከዚያ ቀኑን፦ በሳምንት ከ7 ወደ 4፣ ከ4 ወደ 2፤ በየእርከኑ ሁለት ሁለት ሳምንት ይቆይ። ብዙው ሰው የሚሳሳተው ቀኑን ቀንሶ በቀረው ቀን እጥፍ በመቃም ነው። ቡናውም አይዘንጋ፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ከተጠጣ ካፌይኑ ግማሹ ከ5 ሰዓት ያህል በኋላም በደም ውስጥ አለ። ሰው እየተከታተለኝ ነው ማለት ወይም የሌለ ድምፅ መስማት ከጀመረ ይህ ሌላ ነገር ነው፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል መሄድ አለበት።

በርጫው የወሰደውን እንቅልፍ መመለሻው ፈረቃ ነው። አራስ ሕፃን በ24 ሰዓት ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጠባል፤ ስለዚህ ሁለቱም ሌሊቱን ሙሉ ከነቁ ሁለቱም ይወድቃሉ። ከምሽቱ 3 እስከ ሌሊቱ 8 የአባት፣ ከሌሊቱ 8 እስከ ንጋቱ 1 የእናት ይሁን። በእሱ ፈረቃ ሕፃኑ ሲነቃ መጀመሪያ ዳይፐር ይቀይራል፤ ከዚያ ወደ እናቱ ያቀርበዋል፤ ትመግባለች፣ እሷ ከአልጋ አትነሳም። ሲጨርስ ተቀብሎ፣ ትከሻው ላይ አድርጎ አስገስቶ፣ መልሶ ያስተኛዋል። ሁለቱም ከ4 እስከ 5 ሰዓት ያህል ያልተቆራረጠ ወይም ብዙም ያልተቆራረጠ እንቅልፍ ያገኛሉ። እናት ወተቷን ማለብ ከቻለች ደግሞ የተሻለ ነው፦ እጅ በሳሙና፣ ኩባያው በፈላ ውኃ፤ የታለበው ወተት ከ25 ዲግሪ ባልበለጠ ክፍል እስከ 4 ሰዓት ይቆያል፤ በኩባያ ወይም በማንኪያ ይሰጣል እንጂ በጡጦ አይደለም። የሚበላሸው የት ነው? አባትየው ሶፋ ላይ ሕፃኑን ደረቱ ላይ አስተኝቶ አብሮ ሲያንቀላፋ ነው። ሶፋ ላይ ሕፃን ይታፈናል። እንቅልፍ ከመጣ ሕፃኑ ወደ ራሱ መኝታ ይመለስ።

ሽማግሌው ላይ ጸሐፊውን ከምንቃወማቸው ይልቅ የምንደግፋቸው ይበዛል። ባለሙያ ያልሆነ ሰው ሊረዳ ይችላል። ዚምባብዌ ውስጥ ከጤና ጣቢያ ውጭ በተቀመጠ አግዳሚ ወንበር ላይ የሰፈር አያቶች የተጨነቀን ሰው እያናገሩ ችግሩን አንድ በአንድ እንዲፈታ ይረዳሉ፤ በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመው ሙከራ ከተለመደው እንክብካቤ የተሻለ ውጤት አሳይቷል። ልዩነቱ አያቶቹ ሠልጥነዋል፣ የሚቆጣጠራቸው ባለሙያም አላቸው። የእኛ ሽማግሌ የሚጠራው ባልና ሚስት ከተጣሉ በኋላ ነው፤ ሥራውም ማስታረቅ ነው። «አይዞህ፣ ያልፋል፣ ወንድ ሁን» ብሎ ይዘጋዋል። ይህች ቃል ደግነት አላት፤ ግን ወሬውን ትቆርጠዋለች።

እድርተኛ፣ አማች፣ የሥራ ጓደኛ ይህን ማድረግ ይችላል። ፊት ለፊት ከመቀመጥ ጎን ለጎን ይሻላል፤ ወደ ጅሬን አቀበቱን አብሮ መውጣት፣ ከአጂፕ እስከ ፈረንጅ አራዳ በእግር መሄድ። «ምን ሆነሃል?» ከማለት «ሌሊት ስንት ሰዓት ትተኛለህ?» ማለት። እንቅልፍን ማንም ወንድ ለመናገር አያፍርም፤ ከእንቅልፉ ጀምሮ ሌላው ይመጣል። ከዚያ አንድ ቁርጥ ያለ ነገር መስጠት፦ «ሐሙስ ማታ እራት አመጣለሁ»፣ «ቅዳሜ ጠዋት ትልቁን ልጅ እኔ እወስደዋለሁ»። «የሚያስፈልግህ ካለ ደውል» ካሉት አይደውልም። ጸበልና ዱዓም የሚቃረን ነገር የለውም፤ መድኃኒት ከታዘዘ አብሮ ይኬዳል፣ አይቋረጥም።

«የእናትን ድርሻ መሻማት ነው» የሚለው ከጽሑፉ ሁሉ የምናከብረው ስጋት ነው። እናት ለራሷም የሚበቃ አላገኘችም። ይሁንና ድብርቱ ሁለቱን አብሮ የሚይዝ ነው፤ አንዱ ሲወድቅ ሌላው የመውደቁ ዕድል ይጨምራል። እንግሊዝ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦችን የተከታተለ በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ልጁ 8 ሳምንት ሲሆነው በድብርት የተያዙ አባቶች ልጆች በ3 ዓመት ተኩል ዕድሜያቸው የጠባይና የስሜት ችግር በብዛት እንደሚታይባቸው፣ በተለይ ወንዶቹ ላይ፣ የእናትየው ድብርት ታስቦም እንኳ ልዩነቱ እንደማይጠፋ አሳይቷል። አባትን መጠየቅ አልጋ አይወስድም፤ ሁለት ደቂቃ ነው። ግን አንድ ገደብ አለው። ድብርት ለዱላ ምክንያት አይሆንም። ባለሙያ አባትየውን ባናገረ ቁጥር እናትየውን ለብቻዋ፣ እሱ በሌለበት ማናገር አለበት። እሷ ከተመታች መጀመሪያ የሚታየው የእሷና የልጁ ደህንነት ነው።

ቀሪው «ጅማ ላይ ምንም የለም» የሚለው ነው። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው፣ ተኝቶ ማከሚያም አለው፤ ዩኒቨርሲቲውም የአእምሮ ጤና ባለሙያዎችን ሲያሠለጥን ቆይቷል። ሸነን ጊቤ ሆስፒታልና የከተማው ጤና ጣቢያዎች አሉ። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አዲስ አበባ መሄድ መጀመሪያ የሚደረግ ነገር አይደለም።

የጎደለው ቦታ ሳይሆን አባትየው የሚናገረው ነገር ነው። ጤና ጣቢያ ሄዶ «ራሴን ያመኛል» ይላል፣ ማስታገሻ ተሰጥቶት ይመለሳል። ሐኪሙ ልጅ እንደተወለደለት አያውቅም። ከመሄዱ በፊት ግማሽ ገጽ ይጻፍ፦ መቼ እንደጀመረ፣ ባለፉት 7 ሌሊቶች ስንት ስንት ሰዓት እንደተኛ፣ በሳምንት ምን ያህል ጫትና መጠጥ፣ የሚወስደው መድኃኒት፣ ከዚህ ቀደም እንዲህ ሆኖ እንደሆነ። ሌላም አለ፦ ያለ እንቅልፍ ለቀናት ከመጠን በላይ ደስ ብሎት፣ ብር እየበተነ፣ ብዙ እየተናገረ የነበረበት ጊዜ ካለ መናገር አለበት፤ የድብርት መድኃኒት ብቻውን ለእንዲህ ያለ ሰው ሊያባብስበት ይችላል። የመጀመሪያው ቃል «ልጅ ከተወለደልኝ ወዲህ ነው» ይሁን። በአማርኛም በኦሮምኛም የሚመቸውን ይምረጥ፤ ስሜትን በሁለተኛ ቋንቋ መናገር ያጠረ መልስ ያስወጣል።

ቀለል ላለው የምክር ሕክምና ይበቃል። መድኃኒት ከታዘዘ ደግሞ ሥራው የሚታየው ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፤ ማቅለሽለሽና መቅበጥበጥ ግን በመጀመሪያው ሳምንት ይመጣል። ሰው የሚተወው እዚህ መሃል ነው፤ ጉዳቱን አይቶ ጥቅሙን ሳያይ። ሁለተኛው የማቋረጫ ጊዜ ሲሻለው ነው፤ ከተሻለው በኋላ ለወራት፣ ብዙ ጊዜ ከ9 እስከ 12 ወር መቀጠል አለበት። ሲቆምም በሐኪም ምክር ቀስ እያለ ነው።

ራሱን ማጥፋት የሚያስብ ከሆነ ጥያቄውን በግልጽ ጠይቁት፦ «ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» መጠየቅ ሐሳብ አያስገባም። አዎ ካለ ብቻውን አይተው። የእርሻ ፀረ ተባይ መድኃኒት ከቤት ይውጣ፣ ገመድና ስለት ይነሳ፤ ሌሊትም ቢሆን ሰው አብሮት ወደ ሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል ይውሰደው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

«ይታገሥ» ላሉት ጊዜ እንስጣቸው። የሕፃናት ክትባት ሲወለድ፣ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ይሰጣል። 14ኛው ሳምንት 98 ቀን ነው፦ የእናትየው ፈቃድ ያለቀበት፣ ክርስትናው የተነሳበት፣ አማት የሄደችበት፣ የአባቶች ድብርት የሚበረታበት ወር መጀመሪያ። ነርሷ ለሕፃኑ መርፌ ስታዘጋጅ እነዚያን ሁለት ጥያቄዎች ለአባትየው ለማንበብ ትችላለች፤ ካርዱን ይዞ የመጣው እሱ ከሆነ።